መቶ ግመል፣ ሰማንያ ድምፅ

ሀርጌሳ መሀል ከተማ ላይ ገንዘብ እንደ ጡብ ተደርድሮ ጎዳና ዳር ይውላል። መንዛሪዎቹ በላስቲክ የታሰረ የሶማሌላንድ ሽልንግ ደራርበው ከኋላው ይቀመጣሉ፤ የሶላት ሰዓት ሲደርስ ጨርቅ ጣል አድርገውበት ወደ መስጊድ የሚሄዱም አሉ። ከተማዋን የረገጠ ጋዜጠኛ ሁሉ ስለዚህ መተማመን ጽፏልና እኔ አልደግመውም። ለዚህ ምዕራፍ የሚጠቅመን ሌላው ጥያቄ ነው፤ ይህ ሁሉ ወረቀት እንዴት ይቆጠራል?

ሽልንጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1994 ነው (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው)። ያን ጊዜ አንድ የሶማሌላንድ ሽልንግ በ100 የሶማሊያ ሽልንግ ተለወጠና ሁለት ዜሮ ከገበያው ተራገፈ። ዜሮዎቹ ግን ብዙም ሳይርቁ ተመለሱ። አንድ ዶላር ወደ 10,000 ሽልንግ በተጠጋበት ጊዜ መቶ ዶላር የመነዘረ ሰው አንድ ሚሊዮን ሽልንግ ይቀበላል ማለት ነው፤ በባለ 5,000 ቢሆን 200 ኖት፣ በባለ 1,000 ቢሆን 1,000 ኖት፣ በባለ 500 ቢሆን 2,000 ኖት። ሁለት ሺህ ኖት አንድ በአንድ እየገለጠ የሚቆጥር ነጋዴ እስኪጨርስ ገበያው ይበተናል። ስለዚህ የሚቆጠረው እስሩ ነው። ኖቱ በተናጠል መቆጠሩ ቀርቶ የእስሩ አካል ሆኗል፤ ቁጥሩ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወጥቶ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ከአወዳይ ተነሥቶ በጅግጅጋና በቶጎ ውጫሌ በኩል ሀርጌሳ የሚገባው ጫትም እንዲሁ ነው። በዙርባ ይገዛል፣ በዙርባ ይሸጣል፤ ቅጠሉን የሚቆጥር የለም።

ሽልንግ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ስም አይደለም። ሃምሳ ሳንቲምን ሽልንግ ብለን ያደግን ብዙ ነን፣ ከየት እንደመጣ የምናውቅ ግን ጥቂት ነን። ጣሊያን በ1941 ከተባረረ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ይዞት የመጣው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በኢትዮጵያም በእንግሊዝ ሶማሌላንድም ይሠራበት ነበር። በሐምሌ 1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ አንዱ ብር በሁለት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ተተመነ። ግማሽ ብር ሽልንግ የተባለው በዚህ ስሌት ነው። ገንዘቡ ከገበያችን ከወጣ ዘመናት አልፈውታል፤ ስሙ ግን ዋጋውን እንደጨበጠ ቀረ። ያው ስም ድንበሩን ሲሻገር መቶ ቢደመርም ምንም የማይገዛ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ቁጥር ከሚቆጠረው ነገር ተላቆ ብቻውን መቆም የጀመረው ዘግይቶ ነው፤ ፈጽሞ ተላቆም አያውቅም። ይህን ለማየት ከሶማልኛ የተሻለ ቅርብ ምስክር አላውቅም። ሶማሌ ዝም ብሎ ሲቆጥር ‹‹ኮው፣ ለባ፣ ሰደሕ›› ብሎ ይጀምራል። አንድ ሰው፣ አንድ መጽሐፍ ለማለት ሲፈልግ ግን ‹‹ኮው›› አይሠራለትም፤ ‹‹ሀል›› ይላል። ከብዙ መካከል ‹‹አንዱ›› ለማለት ደግሞ ‹‹ሚድ›› የሚል ሌላ አለው። ለባዶ ቆጠራ አንድ ቃል፣ ነገር ለያዘ ቆጠራ ሌላ ቃል ማለት ነው። የኛ ‹‹አንድ›› ይህን ሁሉ ሸክም ብቻውን ስለሚሸከም ልዩነቱ ተሰውሮብናል። ‹‹ሀል›› በአጻጻፍ ከእንስት ግመል ስም ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ የመጀመሪያው ‹‹አንድ›› ግመል ነበር ብሎ መደምደም ያጓጓል። እኔ አልደመድምም፤ ቋንቋ በእንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ የተሞላ ነው።

ከአስር በላይ ሲኬድ ሶማልኛ በተለምዶ ትንሹን ያስቀድማል። አስራ አንድ ‹‹ኮው ኢዮ ቶበን›› ነው፣ አንድና አስር። ሃያ አንድም ‹‹ኮው ኢዮ ለባተን››፣ አንድና ሃያ። እኛ ትልቁን እናስቀድማለን። ዐረብኛ ከሶማልኛ ጋር ያብራል፣ ጀርመንኛም እንዲሁ፤ ጀርመንኛ ተናጋሪ ልጆች ጽሕፈት ሲማሩ አርባ ስምንትን ሰማንያ አራት አድርገው መጻፋቸው በጥናት የታወቀ ስሕተት ነው፣ ጆሯቸው ስምንቱን አስቀድሞ ስለሚሰማ እጃቸውም ያስቀድመዋል።

ጅግጅጋ ወይም ቶጎ ውጫሌ ላይ ኦሮሞና ሶማሌ ነጋዴ ሲገናኙ ከሁለት እስከ አምስት ባለው ብዙ አይቸገሩም። ለማ እና ለባ፣ ሰዲ እና ሰደሕ፣ አፉር እና አፈር፣ አምስት ደግሞ በሁለቱም ሸን ነው። ሰባት፣ ስምንትና ዘጠኝም ይቀራረባሉ። የሚለያዩት አንድ፣ ስድስትና አስር ላይ ነው፤ ቶኮ እና ኮው፣ ጃአ እና ሊሕ፣ ኩደን እና ቶበን። አማርኛ ተናጋሪው በዚህ ዝምድና ውስጥ የለም። የሱ ዘመድ ዐረብኛ ነው፤ ዘመዱ ግን ወጥመድ ያጠምድለታል። የዐረብኛ ‹‹ሐምሳ›› አምስት ነው፣ ‹‹አርበዓ›› አራት፣ ‹‹ሰብዓ›› ሰባት፣ ‹‹ሰማንያ›› ስምንት። የአማርኛ ጆሮ ሃምሳ፣ አርባ፣ ሰባ፣ ሰማንያ ብሎ ይሰማቸዋል። ግዕዝ አስሮቹን ከነጠላ ቁጥሮቹ ስለቀረጸ እኛ የወረስነው አስሩን በአንዱ ድምፅ ሆነ። ዐረብኛ በሚነገርበት የበርበራ ወይም የሀርጌሳ ሱቅ ውስጥ የቆመ ሐበሻ ነጋዴ ዋጋውን በአስር እጥፍ ሰምቶ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ቃል ጭራሽ የማይገባበት ግብይትም አለ። በሶማሌ የከብት ገበያዎች ደላላው (እነሱም ‹‹ዲላል›› ይሉታል) የገዢውን ወይም የሻጩን እጅ ይዞ በጨርቅ ይሸፍንና ዋጋውን በጣት ይነጋገራል። ዙሪያውን የከበበው ሰው ግመሉን ያያል፣ ሁለቱን ሰዎች ያያል፣ ዋጋውን ግን አይሰማም። ለሻጩ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ አሥር ላይ እምቢ ያለውን ለሌላ ገዢ በዘጠኝ እንደሸጠ ማንም አያውቅበትም። እኔን የገረመኝ ግን ምሥጢሩ ሳይሆን ሒሳቡ ነው። አንድ ጣት አስርም፣ መቶም፣ ሺህም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ጣቱ አይናገርም፤ የቀረበው ፍየል ይሁን ግመል ሁለቱም ያያሉና መጠኑ ከእንስሳው ይታወቃል። የጥንት ባቢሎናውያን በሸክላ ጽላት ላይ ያደርጉት የነበረው ይህንኑ ነው። ቁጥራቸው በ60 የሚሄድ ሲሆን አንዷ ምልክት 1ም፣ 60ም፣ 3,600ም ልትሆን ትችል ነበር፤ አንባቢው ጉዳዩን ስለሚያውቅ መጠኑን ከጉዳዩ ያወጣል። ዜሮ ሳይኖር ይህን ያህል መሄድ ተችሏል። የኛ የግዕዝ አኃዝም ዜሮ የለውም፣ መንገዱ ግን ሌላ ነው፤ ከግሪክ ፊደላት የወረሰው ሥርዓት ለአስሮቹ ለየብቻ ምልክት ስላለው፣ ፻ እና ፼ን እየጨመረ ሺህን ‹‹አስር መቶ›› ብሎ ፲፻ ይጽፋል። የጨርቁ ሥር ሒሳብ ከኛ ይልቅ ለባቢሎን ይቀርባል።

ከ2009 ወዲህ ይህ ሁሉ ሌላ መልክ ያዘ። በዚያ ዓመት የስልክ ኩባንያው ቴሌሶም ‹‹ዛድ›› የተባለውን የሞባይል ገንዘብ ጀመረ፤ ሒሳቡም በዶላር ነበር። ዛሬ ሻይ የምታፈላው ሴት ሳትቀር ቁጥሯን ጠረጴዛዋ ላይ ጽፋ ታስቀምጣለች። ያ ቁጥር ግን አይደመርም፣ አይቀነስም፣ ከጎረቤቷ ቁጥር ይበልጣል ወይም ያንሳል ማለትም ትርጉም የለውም። በአኃዝ የተጻፈ ስም ነው። ስልኩ ላይ ገዢው በተከታታይ የሚነካቸው አኃዞች ከፊሎቹ ስም፣ ከፊሎቹ ብዛት ናቸው፤ በመካከላቸው ያለችው ኮከብ ባትኖር የሰው ስምና የሻይ ዋጋ ይደባለቁ ነበር።

ወደ ግመሎቹ ከመመለሳችን በፊት፣ ሰው ያለ ቁጥር ስንት እንደሚያይ እንመልከት።

እንግሊዛዊው ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ በ1871 ኔቸር መጽሔት ላይ አንድ ቀላል ሙከራ አሳተመ። ባቄላ እፍኝ እየያዘ ወደ ሳጥን ይወረውርና ሳይቆጥር፣ በአንድ እይታ ብቻ ስንት እንደወደቀ ይገምታል። ይህን 1,027 ጊዜ አደረገ። ሦስትና አራት ላይ አንድም ጊዜ አልሳተም፤ አምስት ላይ መሳት ጀመረ፤ ከዚያ በላይ ብዛቱ በጨመረ ቁጥር ስሕተቱም ጨመረ። ከሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች በተራቀቀ መሣሪያ ቢለኩትም ድንበሩ ብዙ አልተነቃነቀም። ዓይን እስከ አራት ያያል፤ ከዚያ በላይ ወይ መቁጠር ነው ወይ መገመት።

ለመቁጠር ደግሞ ቃል ያስፈልጋል። በብራዚል አማዞን የሚኖሩት ፒራሃዎች የቁጥር ቃል የላቸውም ለማለት ይቻላል። ፒተር ጎርደን በ2004 ባወጣው ጥናት ብዛት እንዲያዛምዱ ሲጠየቁ ከሦስት በላይ ያለው ይምታታባቸው ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ማይክል ፍራንክና ባልደረቦቹ ነገሩን አጠሩት። ዕቃዎቹ ፊታቸው ተደርድረው እስካሉ ድረስ አንድ ለአንድ ማዛመድ ይችላሉ፤ ዕቃው ሲሸፈንና ብዛቱን በአእምሮ ይዘው መቆየት ሲኖርባቸው ነው የሚስቱት። የቁጥር ቃል እንግዲህ ለማየት ሳይሆን ለማስታወስ የተሠራ መሣሪያ ነው ማለት ነው። ይህ ግኝት ከብዙ የፍልስፍና ክርክር የበለጠ አሳምኖኛል።

አርብቶ አደር ማታ ግመሎቹ ሲገቡ ሃምሳ መሆናቸውን አይደለም የሚያየው፤ የጎደለችውን ነው። እያንዳንዷን በመልኳ፣ በእናቷ፣ በጠባይዋ ያውቃታል። የኛም ገበሬ ላሞቹን በስም ይጠራል እንጂ ቁጥር አይሰጣቸውም፤ ከብትና ልጅ መቁጠር ደግ አይደለም የሚለው የቆየ ፍርሃትም ሁላችንም የሰማነው ነው። ለዚህ ዓይነቱ ዕውቀት ቁጥር ትርፍ ነገር ነው። ለጨዋታ ከሆነ ግን ማንም አይፈራም። ሶማሌዎች አሸዋ ላይ ጭረው የሚጫወቱት ‹‹ሸሕ›› 24 ማረፊያ አለው፤ ሁለቱ ተጫዋቾች 12፣ 12 ጠጠር ይዘው ተራ በተራ እየጣሉ ሰሌዳውን ሙሉ ይሞላሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ሦስት አሰልፎ የተቃራኒን ጠጠር መብላት የሚመጣው። የሒሳብ ሰውና የሀርጌሳ የባህል ማዕከል መሥራች ጃማ ሙሴ ጃማ በ2000 ስለዚህ ጨዋታ መጽሐፍ አውጥተዋል፣ የእረኛ ጨዋታ ውስጥ ያለውን ሒሳብ በቁም ነገር የያዘ ሥራ። የገበጣችን ዘመድ ስለሆነው የሶማሌ ጨዋታም ለብቻው ጽፈዋል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የገበጣ ዓይነቶች ሰብስበው ካሳተሙት ጋር ጎን ለጎን የሚያነብ ተማሪ ቢገኝ ደስ ይለኛል።

እረኛው ግመሉን እንዲቆጥር የሚያስገድደው ሕግ ነው። በእስልምና የዘካ ደንብ አምስት ግመል ያለው ሰው አንድ በግ ወይም ፍየል ያወጣል፣ አሥር ያለው ሁለት፣ አሥራ አምስት ያለው ሦስት፣ ሃያ ያለው አራት። ሃያ አምስት ሲደርስ ደንቡ ይለወጥና አንድ ዓመት የሞላት እንስት ግመል ትወጣለች። ቀጥሎ ያሉት ደረጃዎች 36፣ 46 እና 61 ናቸው። በነዚህ ደረጃዎች መካከል ያለው ልዩነት ለሕጉ የለም፤ አምስት ያለውና ዘጠኝ ያለው እኩል ይከፍላሉ። በሃያ አራትና በሃያ አምስት መካከል ግን ከአንድ ግመል የሚበልጥ ነገር አለ።

ከሁሉም የገነነው ቁጥር መቶ ነው። በሶማሌ ልማድ ‹‹መግ›› የሚባለው የደም ካሳ ለወንድ መቶ ግመል፣ ለሴት ሃምሳ ነው። ካሳውን የሚከፍለውም የሚቀበለውም ግለሰብ ሳይሆን በውል የተሳሰረ የዘመድ ቡድን ነው። ብሪታኒያዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ አይ. ኤም. ሉዊስ በ1961 ባሳተመው የታወቀ መጽሐፉ የሰሜኑን ሶማሌ ፖለቲካ ሁሉ በዚህ ቡድን ዙሪያ አብራርቶታል። መጠኑ ከእስልምና ሕግ (ፊቅህ) መጻሕፍት ጋር ይገጥማል፤ እዚያም የሙሉ ሕይወት ካሳ መቶ ግመል ሲሆን የአንድ ዓይን ሃምሳ፣ የአንድ ጣት አስር፣ የአንድ ጥርስ አምስት ነው። አስሩ ጣት ሲደመር መቶ ይመጣል። መቶው ግመል በአካል ተነድቶ የማይመጣበት ጊዜ ብዙ ነው፣ በገንዘብ ይተመናል፣ ይቀነሳል፣ በድርድር ይሸራረፋል። ድርድሩ ግን የሚነሣው ከመቶ ነው። ግመል እዚህ ላይ እንስሳ መሆኑ ቀርቶ መለኪያ ሆኗል፤ ሽልንጉ ዜሮ ሲጨምርና ሲያራግፍ መቶው ግመል አልተነቃነቀም።

ዓመታትን በተመለከተ ሶማሌዎች ከቁጥር ይልቅ ስም መርጠዋል። ብዙ ረሃብና ድርቅ ስም አለው። በ1911 እና 1912 የደረሰው ረሃብ ‹‹ሓራሜ ዑኔ›› ይባላል፣ ሐራም የተበላበት። የ1974ቱ ድርቅ ‹‹ደበዴር›› ነው፣ ጅራተ ረጅሙ። እኛም ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣውን ‹‹ክፉ ቀን›› እንላለን፤ ዕድሜውን ሲጠየቅ የዓመት ቁጥር ሳይሆን የዘመን ስም የሚጠራ አያት ያልነበረው የለም። ከዚህ ሌላ ሶማሌዎች ዓመቱን በሚጀምርበት የሳምንት ቀን ይሰይሙታል፤ የእሑድ ዓመት፣ የሰኞ ዓመት እየተባለ በሰባት ዓመት ይዞራል። ምክንያቱ ሒሳብ ነው። 365 ለሰባት ሲካፈል 52 ደርሶ አንድ ይተርፋል፤ ያቺ ትርፍ ቀን የሚቀጥለውን ዓመት በአንድ ቀን ትገፋዋለች። ሙሴ ገላል በ1968 ስለ ሶማሌ የአየር ጠባይና የከዋክብት ዕውቀት ባሰባሰቡት ሥራ ይህ ሥርዓት ተዘግቧል። የኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ዓመታትን በአራቱ ወንጌላውያን ትሰይማለች፣ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ፤ ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው። የሶማሌው ሰባትና የኛ አራት ሲባዙ 28 ይመጣል፣ በባሕረ ሐሳብ ዐውደ ፀሐይ የሚባለው። ያንን በ19 ያባዛ ሰው 532 ላይ ይደርሳል፣ ፋሲካን የሚያወጣው ታላቁ ቀመር። ሁለቱ ሕዝቦች ያንኑ ፀሐይ ከተለያየ በኩል ይዘውታል፤ አንዱ የሳምንቱን ትርፍ፣ ሌላው የቀኑን ሩብ።

ሰውን መቁጠር ከሁሉም ይከብዳል። ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ቆጥሮ መቅሠፍት እንዳመጣ መጽሐፍ ቅዱስን ያነበበ ያውቃል። ኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የሕዝብ ቆጠራ ያደረገችው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ቀጣዩ ተደጋግሞ ቀን ተቆርጦለት ተደጋግሞ ተላልፏል። በ1991 ከሶማሊያ ተለይቻለሁ ያለችው ሶማሌላንድ ደግሞ ሥልጣንን በጎሳዎች መካከል በማመጣጠን የቆመች ስለሆነች የማንኛውም ጎሳ ብዛት በአኃዝ ከወጣ ክርክሩ ወዲያው ይነሣል። ቁጥሩ ካልተነገረ ሁሉም ብዙ ነኝ ማለት ይችላል፤ ይህ ራሱ ሰላም የሚያቆይ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ባይስማሙም። በ2008 የተጀመረው የመራጮች ምዝገባ ብዙ ሰው ደጋግሞ ስለተመዘገበበት ችግር ውስጥ ገባ። ለ2017ቱ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ መፍትሔ የሆነው የዓይን ብሌን ምዝገባ ነበር፤ አንድ ሰው አንድ መሆኑን ለማረጋገጥ ዓይኑን ማንበብ ግድ ሆነ።

ከዚያ ቀደም ብሎ ግን፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2003፣ አገሪቱ የመጀመሪያውን ቀጥተኛ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ያደረገችው ያለ መራጮች መዝገብ ነበር። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ድምፅ ሰጠ። ምርጫ ኮሚሽኑ ዳሂር ሪያሌ ካሂን 205,595፣ አሕመድ ሲላንዮ 205,515 አገኙ ብሎ አስታወቀ። ልዩነቱ ሰማንያ ነው፣ ለአንድ ወንድ ደም ከሚከፈለው ግመል ያነሰ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጎሳ ጦርነት ውስጥ ባለፈ አገር፣ ሁሉም የራሱን ብዛት በሚገምትበትና ማንም ባልቆጠረበት ቦታ፣ በዚህች ቀጭን ቁጥር መሸነፍን መቀበል ቀላል አልነበረም። የሲላንዮ ፓርቲ ኩልሚየ የራሱን ድምር ይዞ ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱ ልዩነቱን ከሰማንያ ከፍ አደረገው እንጂ አሸናፊውን አልለወጠም። የአገር ሽማግሌዎች ገቡበት፣ ሳምንታት ከፈጀ ውዝግብ በኋላም ኩልሚየ ውጤቱን ተቀበለ። በሰኔ 2010 በተካሄደው ቀጣይ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ሲላንዮ 49.6 ከመቶ፣ ሪያሌ 33.2 ከመቶ አገኙ፤ ሪያሌም ሥልጣኑን አስረከቡ።